ደብተር ይሻላል ወይስ ስልክ?
(በማቢላ የአርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። የሥራ ቀናችንን፣ ደሞዛችንንና ዕረፍታችንን የት እንጻፍ? ደብተር ላይ ወይስ ስልክ ላይ?

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ጠብ ሲነሳ ትልቅ ይሆናል። በ2023 የወጣው የኦማን የሥራ ሕግ (ቁጥር 53/2023) የቤት ሠራተኛን አይጨምርም፤ የቤት ሠራተኛ በተለየ የሚኒስትር ውሳኔ ነው የሚተዳደረው። የትም ብትሠሩ ግን ደሞዝ ቀረ ስትሉ የምትጠየቁት አንድ ነው፦ "የየትኛው ወር? ስንት?" "ከፋሲካ ወዲህ አልሰጡኝም" ማለት ብቻ አያደርስም።

ስልክ ጥሩ ነው። ሁሌ እጃችን ላይ ነው፣ ፎቶ ያነሳል፣ ቀኑንም ራሱ ይመዘግባል። ግን ስልክ የሚቀማበት ቤት አለ። ሲሙ በአሠሪ ስም ከሆነ ደግሞ ቤት ስትለቁ ቁጥሩ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ዋትሳፑም ኢሞውም አብሮ ሊሄድ ነው።

ደብተር ቻርጅ አይፈልግም። በአማርኛ ስለምትጽፉ የቤቱ ሰው ቢያየውም አያነበውም። ግን ይቀደዳል፣ ይጠፋል።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ስልኩ ያስቀምጥላችሁ። ማታ ማታ አንድ መስመር ይበቃል፦ ስንት ሰዓት ጀመርኩ፣ ስንት ሰዓት ጨረስኩ፣ ዕረፍት ነበረኝ ወይ። ደሞዝ ስትቀበሉ ስንት ሪያል፣ ማን ሰጠኝ፣ በእጅ ነው በባንክ። አርብ አርብ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ አገር ቤት ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ኮንትራቱንና ፓስፖርቱንም እንዲሁ።

ሁለት ነገር አደራ። ቀኑን በኛም በፈረንጅም ጻፉ፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ማለት እዚህ ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ነው። ሰዓቱንም እንደዚያው። የኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በነሱ አቆጣጠር ንጋት 5 ነው። "11" ብላችሁ ብቻ ብትጽፉት ረፋድ ላይ የጀመራችሁ ይመስላል፤ የ6 ሰዓት ልፋት በከንቱ ይቀራል።

ደግሞ የዛሬውን ዛሬ ጻፉ። በወሩ መጨረሻ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ገጽ ያስታውቃል፣ አይታመንም።

መጻፍ የማይሆንላት እህት ካለች በድምፅ ትላክልን፤ ተራ ገብተን እንጽፍላታለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል አባቶች። ደብተር የሌላችሁ ስትወጡ ከበሩ ላይ ውሰዱ፤ የዛሬዋን መስመር ዛሬ ማታ ጀምሩ።