አስቀድሞ ማየት

ልጆቻችን የሚወዷቸው የአኒሜሽን ገጸ ባሕርያት ሲሄዱ፣ ሲያኮርፉ ነፍስ ያላቸው ይመስላሉ። ሠዓሊው ግን እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት ያያል። ደጋግሞ ያያል።

ለምሳሌ መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮን አይታችሁ ይሆናል፤ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። በጣቶቹ፣ ቶሎ ቶሎ። አጠገቡ ያለው ሲያልቅ አይነሳም፤ በመቀመጫው ሸርተት ብሎ ወደሚቀጥለው ይጠጋል። ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል። ባናውን ተከናንቦ በግ የሚጠብቅ እረኛ ይህን ሁሉ ያውቃል። አኒሜሽን መማር የሚሻ ወጣት ከእሱ አጠገብ ቢቀመጥ እመኛለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ኋላ ይደርሳል።

እኛም ዛሬ ሰውን ከማናገራችን በፊት እንየው። ባልደረባችን ሲገባ ትከሻው ከብዶታል? እናታችን ቡና ስትቀዳ እጇ ደክሟል? አይተን እንናገር።