ስለ እንቅስቃሴ አገላለጽ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከአንድ ተማሪ የቀረበ ንግግር)





አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ የምንለው ቦታውን ሲለውጥ ነው። ነገር ግን ከምን አንጻር? በአውቶቡስ የተቀመጠ መንገደኛ ከጎኑ ካለው ሰው አንጻር አልተንቀሳቀሰም፤ በመንገድ ዳር ከቆመው ዛፍ አንጻር ግን ይጓዛል። ስለዚህ አስቀድሞ ማነጻጸሪያውን መወሰን ያስፈልጋል።

እኔ ራሴ በፈተና «ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሮ ከመነሻው የተመለሰ ሯጭ ቦታው ምን ያህል ተለወጠ?» ተብዬ ብጠየቅ «400 ሜትር» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ ቢሠርዙብኝ የበደሉኝ መሰለኝ። ስሕተቴን ያስረዳኝ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሩጫ ነው።

አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ከካምፒዶልዮ ተነሥቶ ማራቶኑን በቆስጠንጢኖስ የድል በር ጨረሰ። የሮጠው ርቀት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፥ የፈጀበትም ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነው። ርቀቱን በፈጀው ጊዜ ስናካፍለው አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በሴኮንድም 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ነገር ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀጥታ መሥመር ብንለካ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም! ይህ የቦታ ለውጥ ይባላል፤ መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው፤ እርሱም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ይህን በዚያው ጊዜ ብናካፍለው በሰዓት ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይደርስም። እንግዲህ አበበን እንደ ኤሊ ተጓዘ ልንለው ነውን? አይደለም። ሁለቱ ቍጥሮች የሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች መልሶች ናቸው።

አማካይ ፍጥነትም ሁሉን አይናገርም። እስከ መጨረሻው ገደማ አበበና የሞሮኮው ራዲ ጎን ለጎን ይሮጡ ነበር። ያን ጊዜ በሮማ ቆሞ ከነበረው፥ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከተመለሰው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፤ በ25 ሴኮንድም ቀደመ። ፊዚክስ ይህን የፍጥነት ለውጥ ከወሰደው ጊዜ ጋር አነጻጽሮ ለብቻው ይለካዋል። ድሉም የተገኘው በዚህ ለውጥ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ቀመሩን ከመሸምደዳችን በፊት «ከምን አንጻር? ከየት ወዴት? በምን ያህል ጊዜ?» ብለን እንጠይቅ። መምህሬንም ዛሬ በወላጆች ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ዜሮ ነበር።