ከበሮን በፓድ

(ድምፅ፦ ከበሮና ጭብጨባ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የደብረ ብርሃን ተወላጁ ኃይሉ መርጊያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ብቻውን ሠራ። ዛሬ ለምቱ ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የበርሊን ኩባንያ በ2009 ያወጣውን ማሺንን የመሰሉ ባለ 16 ፓድ መሣሪያዎች አሉ። ከኮምፒውተር ጋር በሚያያዘው ዓይነት ጣት ፓዱን ይመታል፤ ድምፁን የሚያወጣው ሶፍትዌሩ ነው።

እስቲ የመሐል ሜዳ ከተማን ከበሮ እንቅረጽ። የሰፊው አፍ ወፍራም ድምፅ አንድ ፓድ ላይ፣ የጠባቡ ቀጭን ድምፅ ሌላው ላይ፣ ጭብጨባው ሦስተኛው ላይ ይጫናል።

(ድምፅ፦ ሦስቱ ፓዶች በየተራ)

ጣጣው የሚመጣው አሁን ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት እያንዳንዱን ምት ለአራት ይከፍላል፤ ቺክቺካ የሚባለው የእስክስታ ምት ግን በሦስት በሦስት ነው የሚሄደው። መክፈያውን ለሦስት ወደሚከፍለው ትሪፕሌት ካልቀየራችሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማንንም እስክስታ አያስመታም። ኳንታይዝ የሚባለው ምት አስተካካይም ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ የመቺውን እጅ ያጠፋዋል፤ 50 በመቶው ይበቃል።

ደግሞ ከመቅረጻችሁ በፊት ከበሮ መቺውን አስፈቅዱ፤ ስሙንም ሥራው ላይ ጻፉለት።