ጉድጓድ ውስጥ ሰው ቢወድቅ
(በሰፈራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ከግቢዎቻችን በአንዱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን ተነሥቶ ነበር። አንድ ወጣት ምን ያህል እንደ ሞላ ለማየት ሻማ ለኩሶ ሊያጎነብስ ሲል የደረስንበት ለጥቂት ነው። «ተው!» አልነው፤ ለምን ብሎ ሲጠይቀን ግን አጥጋቢ መልስ አልሰጠነውም። የዛሬው ንግግራችን ያን መልስ ለመስጠት ነው።

ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላ ቆሻሻ ጋዝ ያወጣል። አንደኛው ሜቴን ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፤ እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። ሌላው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲሆን፣ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚከረፋው እሱ ነው፤ ይነዳልም፣ ይመርዛልም። ተንኰሉ ከሽታው ይጀምራል። ጥቂት ሲሆን ይሸታል፤ ከሚሊዮን የአየር እጅ 100 ያህሉ ሲሆን ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰውየው «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ ሲገባ ጋዙ እዚያው አለ። ወደ 1000 እጅ ሲጠጋማ በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል። ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓዱ ተከፍቶ ቢያድር እንኳ ከታች ተኝቶ ሊቆይ ይችላል።

ይኸው ጋዝ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ ከመሬት በታችም ይገኛል። በብዛት ሲለቀቅ የሚያደርሰው በቻይና ታይቷል። ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ማታ 4 ሰዓት ገደማ፣ በቾንግቺንግ፣ ካይ በተባለው አውራጃ፣ በመቆፈር ላይ የነበረ የጋዝ ጉድጓድ ከቁጥጥር ውጪ ሆነ። ጋዙ በመንደሮቹ ላይ ተኛ፤ 243 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። የሚወጣውን ጋዝ አቃጥሎ መርዙን መቀነስ ይቻል ነበር፤ የተለኮሰው ግን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ይህን ሰምቶ «እኛም እንለኩሰው» የሚል እንዳይነሣ አደራ! ያ የባለሙያ ሥራ ነው፤ በግቢያችን ክብሪት መጫር ቤት ማፍረስ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ማንም ተከትሎ አይግባ። በየአገሩ በእንዲህ ያለ አደጋ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን የገቡ ናቸው፤ ወንድም ይወድቃል፣ ወንድሙ ይከተላል፣ ጎረቤት ይደገማል። አፍን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ለዚህ ጋዝ አያድንም። ይህን መናገር ቀላል፣ ማድረጉ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። እናት ልጇ ከታች ወድቆ እያየች «ቁሚ» ቢሏት ትሰማለች? አትሰማም። ስለዚህ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል፤ ያም የጎረቤት ፈንታ ነው። ብትራገምም፣ ብትቧጭርም አትልቀቋት።

ሌላው ወዲያውኑ ራቅ ብሎ ወደ እሳት አደጋ፣ 939፣ ይደውል። «ጋዝ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ሰው ወድቋል» ብሎ በግልጥ ይናገር፤ የአየር መተንፈሻ መሣሪያ ይዘው እንዲመጡ። በአቅራቢያው ያለ ከሰልና ምድጃ ይጥፋ፤ መኪና አይነሣ፤ መብራት አይብራ፣ የበራም አይጥፋ። የተሰጣ ልብስ ወዴት እንደሚወዛወዝ አይታችሁ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ከፍ ካለ ቦታ ቁሙ። ልጆችን አርቁ።

ከእንግዲህ ጉድጓድ የሚያስመጥጥ ቤተሰብ ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት ይንገረን፤ እሳትና ልጆችን የሚያርቁ ሁለት ሰዎች እንመድባለን። በየግቢው ስንዞር ክዳናቸው የተሰነጠቀ ሦስት ጉድጓዶች አግኝተን ነበር። ሁለቱ ተጠግነዋል። የሦስተኛው ባለቤት አቅም ስለሌላቸው ከግቢያቸው ውጪ አዲስ ክዳን በደቦ እንሠራላቸዋለን፤ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አካፋ ያላችሁ አካፋ፣ የተረፈ ሲሚንቶ ያላችሁም ሲሚንቶ ይዛችሁ ኑ።