ጽንስ ሲቀድም ጋብቻ ይቸኩላል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየቤቱ በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ የማይነገር ነው፤ ይኸውም ሳታገባ ያረገዘችን ልጅ ቤተ ሰብ ወደ ትዳር የሚገፋበት ልማድ ነው።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ተበላን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር፣ የልጅቱ ሆድ ሳይገፋ ነገሩ ይሸፈን ይባልና ሽማግሌ ይላካል። አባት ስለ ስሙ፣ እናት ስለ ጎረቤት አፍ፣ ምእመናንም ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይጨነቃሉ። ሁሉም ይናገራል፤ የሚጋቡት ሁለቱ ግን ከ«እሺ» በቀር መልስ አይጠበቅባቸውም።

ቤተ ሰብ ይህን የሚያደርገው በክፋት ነው አልልም። ስማችን በአባት ስም የሚጠራ ነውና፣ ሕፃኑ መጠሪያና ጧሪ እንዳያጣ ይሰጋል። ለዚህ ስጋት ግን ሕጉ መልስ አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 34 ደግሞ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዛል። አባት ልጁን ለመቀበል የግድ ማግባት የለበትም።

ጋብቻ ያለፈውን ሁሉ ያጥባል የሚለው አሳብም ያረጀ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ እንዳይከሰስ ይፈቅድ ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን ሽሮታል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻንም በእስራት ይቀጣል።

እንግዲህ ሁለቱን ጉዳይ እንለያቸው። ሽማግሌ ይላክ፤ መጀመሪያ የሚነጋገረው ግን ስለ ሕፃኑ ይሁን፦ ስሙን ማን ይሰጠዋል? ቀለቡን ማን ይችላል? እናቲቱስ ትምህርቷን እንዴት ትቀጥላለች? የጋብቻው ነገር ልጁ ተወልዶ፣ እናቱ ከአራስነት ከተነሣች በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜም ሁለቱ ወላጆች በሌሉበት ለየብቻ ይጠየቁ። ከተዋደዱ ጥቂት ወራት መቆየት ፍቅራቸውን አይጎዳም። ካልተዋደዱ ግን በጥድፊያ የታሰረው ሲፈታ፣ ልጅቱ ያለ ትምህርትም ያለ ባልም ትቀራለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን?

ከመካከላችን ነገ ለሽምግልና የሚላክ አይጠፋምና፣ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ይሂድ።