ኦዲት ማለት መስማት ነበር

(ከማኅበራችን የሂሳብ ክፍል ለጠቅላላ ስብሰባው የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቃል ነው፤ ስለ «ኦዲት»። እዚህ ሰኞ ገበያ ቃሉን ያልሰማ የለም። «ኦዲት ሊመጣ ነው» ሲባል ግን ጥፋት የሌለብን ሴቶች እንኳ እንደነግጣለን። አይገርምም፤ በአማርኛ «የሂሳብ ምርመራ» እንለዋለን። ምርመራ ደግሞ ለእኛ ወይ ጤና ጣቢያ ነው ወይ ፖሊስ ጣቢያ።

የቃሉ አነሳስ ግን እንዲህ አልነበረም። ወደ እኛ የመጣው ከእንግሊዝኛ ቢሆንም ሥሩ ላቲን ነው፤ ትርጉሙም «መስማት» ነው። በስልካችን የምንቀባበለው «ኦዲዮ» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ በላቲን «እሰማለሁ» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገር ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ የጌታው ገንዘብና እህል በእጁ ያለ ሰው ገቢና ወጪውን ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። ኦዲተር የሚባለው ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሰው ነበር። ወረቀትና ደረሰኝ እየበዛ ሲሄድ ሰሚው አንባቢ ሆነ፤ አንባቢውም መርማሪ ሆነ።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር አለ። ድሮ አዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር ነበር፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማል። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። የከበሮው ስም ለወረቀት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 101 ስለ ዋናው ኦዲተር ሲደነግግ ያንኑ የ«መስማት» ቃል ይጠቀማል። ስሞቹ የጆሮ ናቸው፤ ሥራው ግን የዓይን ሆኗል። ታዲያ ፊደል ያልቆጠረች አባል የት ትግባ?

ይህን ያነሳነው ከራሳችን ጥፋት ተነስተን ነው። ባለፈው ዓመት «ሂሳቡ ኦዲት ተደርጎ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» ብለን ወረቀት አደልን። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ምን ተባለ?» አሉ። «እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ አለ» አልናቸው። «ወረቀቱን አላውቀውም፤ ብሬን ግን ቆጥሬ ነው የሰጠሁት» አሉን። አፈርን።

በሚቀጥለው ስብሰባ የእያንዳንዷን አባል ቁጠባ በየስሟ እየጠራን አነበብን። የእኚህ እናት ሲነበብ «የኅዳሩን 200 ብር የት አደረጋችሁት?» ብለው አስቆሙን። መዝገቡን ብናገላብጥ ብሩን በሞክሼያቸው ስም ጽፈነው ተገኘ። ሞክሼያቸውም ማንበብ ስለማይችሉ መብዛቱን አላወቁም። ጠቅላላ ድምሩ ልክ ስለነበር መዝገቡና ባንኩ ተስማምተዋል፤ ኦዲተሩም ጉድለት አላየም። ከማኅበሩ አንድ ብር አልጠፋም፤ ከእሳቸው ግን 200 ብር ጠፍቶ ነበር። የምናበድረው የቁጠባን ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ ለሽሮ ንግዳቸው ሊበደሩ ከሚችሉት ላይ 600 ብር ይቀርባቸው ነበር።

የውጭ ኦዲተር ይቅር አንልም፤ ያስፈልገናል። እሱ ድምሩን ያያል። የራሷን ብር የምታውቀው ግን ከፋይዋ ራሷ ናት። ስለዚህ ይህ ስብሰባ ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያው ቡና ሲቀዳ ሂሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሁለተኛ፣ አንዲት አባል «የእኔ ልክ አይደለም» ካለች ነገሩ ሳይጣራ ቃለ ጉባኤው አይፈረም። ሦስተኛ፣ «ቁጠባዬ በሰው ፊት አይነገር» የምትል እህት ካለች ለብቻዋ ይነበብላት። ለምን ብለን አንጠይቃትም፤ የቤቷን ነገር የምታውቀው እሷ ናት።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ውሳኔው ከጸደቀ በሚደርሳችሁ ሪፖርት ላይ «ኦዲት ተደርጓል» ከሚለው ሥር «ለአባላት ተነቧል፤ አባላትም ሰምተዋል» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። መስመሩ ከሌለ ጠይቁን።

እናቶቻችን፣ «አልተማርንም» ብላችሁ ዝም አትበሉ። እኛ እናነባለን፣ እናንተ ስሙ፤ ስንሳሳት አስቁሙን።