ትንባሆ የጎዳው ሳንባ በሲቲ ስካን ሲታይ

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ከቤታችሁ ሲጋራ ወይም ጋያ የሚያጨስ፣ ሳሉ አልለቅ ያለው፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሳንባችን እንደ እንጀራ ዓይን የበዙ፣ ግን እጅግ የረቀቁ የአየር ከረጢቶች አሉት። የትንባሆ ጭስ ግድግዳቸውን እያፈረሰ ብዙዎቹን አንድ ሰፊ ቀዳዳ ያደርጋቸዋል። ተራው ራጅ ይህን በጅምሩ ብዙ ጊዜ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ላይ መጀመሪያ በበሽተኛ የተሞከረው ሲቲ ስካን ግን ሰውነትን ቢላዋ ሳይነካው እኮ እንደ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ ስለሚያሳይ ቀዳዳው ጠቁሮ ይታያል።

መሣሪያው ያሳያል እንጂ አያድንም። የፈረሰው አይጠገንም፤ ማጨስ ቢተው ግን ጥፋቱ ይዘገያል። እንግዲህ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት፤ ስንት ዓመት እንዳጨሰ ሳትደብቁ ንገሩን፤ አክታውን ለሳንባ ነቀርሳ እንመረምራለን፤ ሲቲ ስካን ካስፈለገውም ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንልከዋለን። በማድቤት ጭስ የምታስሉ እናቶችም አብራችሁ ኑ።